ሦስት ቁጠሪ

ሷንሲ ላይ ዝናቡ ከላይ አይወርድም፤
ከጎን ነው የሚመታው፣ ጃንጥላ አያግድም።
በዚያ ዝናብ መሃል፣ በአሥራ ሦስት ዓመቴ፣
ሰው የጣለው ካፖርት ወርዶ ከጉልበቴ፣
ክፍል ገባሁ፣ ይዤ አራት ቃል ብቻ፦
“አዎ”፣ “አይ”፣ “ይቅርታ”፣
“አመሰግናለሁ” ደግሞ፣ የበር ሁሉ መክፈቻ።

ሌሎቹ ስሜን
አንዱ “ካሴላ”፣ አንዷ “ኬዝላ” ሲሉ፣
“ኬ” ብቻ ብለው ሲገላገሉ፣
እርስዎ ግን፣ ሚስተር ፕሮሰር፣
ወረቀት ከከንፈርዎ ፊት ይዘው፣
“ቀ” ሲሉ፣ “ጸ” ሲሉ፣ ወረቀቱ እስኪዘል ከፊደል ተናንቀው፣
አንድ ሳምንት ሙሉ
(በመምህራን ክፍል መስኮት አይቻለሁ፣ ሻይዎ ሲበርድ)
እንደ ቃለ ተውኔት ተለማመዱኝ።
ሰኞ ጠዋት ስም ሲጠሩ
“ቀጸላ” አሉ።
ልክ ነበር።
“አቤት” ማለት አቃተኝ።

ለድራማው ሚና ሲታደል
ኢዋን መርከበኛ፣ ሜጋን የመብራት ቤት ጠባቂ፣
የቀረው ክፍል በሙሉ ማዕበል፤
እኔ “ዛፍ ልሁን” አልኩ፤ ዛፍ አይናገርም።
“ዛፍ የለም” አሉኝ፤ “ባሕር ላይ አይበቅልም።”
ከዚያ ባትሪ ሰጡኝ፣ እጀታው በፕላስተር የተጠቀለለ፣
ከመጋረጃው ጎን አንዲት በርጩማ፣
ጠርዙ የተበላ ጥራዝ።
“መስመሩን በጣትሽ ተከተይ፤
የጠፋበት ሲኖር አቀብይ።
ግን አትቸኩይ። ሦስት ቁጠሪ።
ዝም ያለ ሁሉ የረሳ አይደለም፤
አንዳንዱ እያሰበ ነው፣ አትንጠቂው።”

እንግሊዝኛን እንዲያ ነው የተማርኩት፣ በጨለማ፣
ከሌላ ሰው አፍ ሊወጣ ያለውን ቃል ቀድሜ ስሰማ።
“ለእርስዎ ምን ይከብዳል፣ የራስዎ ቋንቋ!”
አልኩዎት አንድ ቀን፣ በንዴት፤
ሳቁብኝ።
“የኔም አይደለም። እናቴ የተቆጣችኝ በዌልስኛ፣
ያባበለችኝም በዌልስኛ።
ይሄን በስድስት ዓመቴ ተዋስኩት፤
እስካሁን አልመለስኩም።”

የመጨረሻው ምሽት ኢዋን መሃል መድረክ ላይ ደረቀ።
አዳራሹ በሳል ተጨናነቀ።
አንድ። ሁለት።
ከፊት ወንበር አየሁዎት፣ ዓይንዎን ጨፍነዋል።
ሦስት።
“መብራቱን ማን አጠፋው?”
ሹክ ማለት ነበረብኝ፤ ጮህኩ።
የኋላ ወንበር ድረስ ተሰማ፣ ሰው ሳቀ፤
ኢዋን ግን ቃሉን እንደ ተወረወረ ገመድ ያዘና ወጣ።
ያ ነው የመጀመሪያው ሙሉ ዓረፍተ ነገሬ፣
እስከ ጥያቄ ምልክቱ።

ከሃያ ሁለት ዓመት በኋላ፣ ኮረብታው ላይ፣
በአረጋውያን ቤት፣
ብርድ ልብስ ጉልበትዎ ላይ፣ ሻይዎ ስልባቦት ይዞ፣
በመስኮቱ ባሕሩን እያሳዩኝ
“ያ… ያ የሚሄድና የሚመለሰው…” አሉና ቆሙ።
ቃሉ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር።
ነርሷ ልታቀብል አፏን ስትከፍት እጇን ያዝኩ።
አንድ።
ሁለት።
ባሕሩ ራሱ ሄዶ እስኪመለስ ጠበቅን።
ቃሉ አልመጣም።
ወደ እኔ ዞሩና
“ቀጸላ” አሉ።
“ቀ”ውም “ጸ”ውም በየቦታቸው፤
ወረቀት ቢኖር ይዘል ነበር።

ትናንት በጸሎት ቤቱ
ስለ እርስዎ እንድናገር ሲጠሩኝ ተነሣሁ።
ኢዋንም ነበር፣ ራሰ በራ ሆኖ፣ ልጁን ታቅፎ።
የጻፍኩትን ዝናቡ አጥቦታል፣ ከጎን ገብቶ።
በእንግሊዝኛ “አንተ”ና “እርስዎ” አንድ ቃል ነው፤
በልቤ ግን ይህን ሁሉ ዘመን
“እርስዎ” ስልዎት ኖሬ፣
ከሣጥኑ ፊት ስደርስ
“አንተ” የሚለው ቀደመኝ፣ በአማርኛ፣
እና ደረቅሁ።

ሰዉ ጠበቀ።
ማንም ቃል አላቀበለኝም።
ሁሉም የእርስዎ ተማሪ ነበራ፤
ሲቆጥሩ አየኋቸው፣
በከንፈራቸው።